አምቡላንሱ መጣ፣ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ግን አልነበረም

ሲያትል ውስጥ በአምቡላንስ ላይ መሥራት ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ፓራሜዲክ፣ ማለትም ከፍተኛ ሥልጠና ያለው የአምቡላንስ ባለሙያ፣ አይደለሁም፤ በመጀመሪያው እርከን ያለሁ የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሻን ነኝ። ዘንድሮ ለጥምቀት ጅማ ሄጄ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። አውሮፕላኑ አባ ጅፋር ማረፊያ በሰዓቱ ደረሰ፣ ሆቴሉ ንጹሕ ነበር፣ ባጃጅ ነጂዎቹም ትሑቶች ናቸው። ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩት የአምቡላንሱን ጉዳይ ነው።

ጥር 10 ቀን፣ የከተራ ዕለት ነው። አክስቴ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ጠዋት ኢንሱሊናቸውን ወግተው፣ ገሃድ ነውና እህል ሳይቀምሱ ዋሉ። ማናችንም አልጠየቅናቸውም፤ እኔም አልጠየቅኩም፣ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ነጠላቸውን አጣፍተው ታቦት ሊሸኙ ሲነሱ መልሰው ተቀመጡ። ላብ አጠመቃቸው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ እኔን አይተው በሟች እናቴ ስም ጠሩኝ።

ጎረቤት ወዲያው ቤቱን ሞላው። አንዷ ጠበል ይዛ መጣች፣ ሌላው «ውኃ ይረጭባቸው» አለ፣ ሁለት ጎረምሶች ደግሞ ተሸክመው ባጃጅ ላይ ሊጭኗቸው ተዘጋጁ። ሁሉም ከልቡ ሊረዳ ነው የመጣው። መሳቢያቸው ውስጥ ባገኘሁት የስኳር መለኪያ ጣታቸውን ወግቼ ሳይ 41 ነው፤ ኢንሱሊኑ ያለ ምግብ ስኳራቸውን ከሚገባው በታች አውርዶታል። ከጓዳ ማር አስመጣሁ። ደግፌ ቀና አድርጌ፣ ምራቃቸውን መዋጥ እንደሚችሉ ካየሁ በኋላ በማንኪያ ጫፍ እየጨለፍኩ ጉንጫቸው ውስጥ አደረግኩ። ከንፈራቸውን ላሱ፣ ዋጡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ 63፣ ከሌላ 15 ደቂቃ በኋላ 88 ሆነ። «አንተ፣ ታቦቱ አለፈ እንዴ?» ሲሉኝ ነው እኔ ራሴ የተነፈስኩት።

አምቡላንስ የጠራችው የአክስቴ ልጅ ናት። ስልኩን ያነሳው ሰው በትሕትና ሰፈሩንና ምልክቱን ጠየቃት፤ ሕመምተኛዋ ትተነፍሳለች ወይ፣ ትሰማለች ወይ፣ መድኃኒት ትወስዳለች ወይ ብሎ ግን አልጠየቀም። መኪናው በዚያ ሁሉ የበዓል ሕዝብ መካከል አልፎ በ40 ደቂቃ ደረሰ፤ በከተራ ዕለት ይህ የሚያስመሰግን ነው። በሩን ከፍቶ የወረደው ሹፌሩ ብቻ ነበር። ከኋላ አልጋው አለ፣ ጓንትና ፋሻ አለ፣ የኦክስጅን ሲሊንደሩ ጠቋሚ ዜሮ ላይ ቆሟል። የተመደበ ባለሙያ የለም። ኢንሱሊኑ ገና ስላላለቀ ስኳራቸው ተመልሶ ሊወርድ ይችል ነበርና ሆስፒታል መሄድ ነበረባቸው፤ ከኋላ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ሹፌሩን አመሰግናለሁ። አክስቴን «እናቴ» እያለ፣ በየጉብታው ፍጥነት እየቀነሰ ወሰደን። «ወንድሜ፣ ባለሙያ አብሮህ አይወጣም?» አልኩት። «ወላድ ስትኖር አንዳንዴ አዋላጅ ትመጣለች። ከዚያ ውጭ እኔ ማድረስ ብቻ ነው የምችለው» አለኝ። ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ የተቀበለችን ተረኛ ነርስ ከስማቸው በፊት የስኳር መጠናቸውን ጠየቀችን። ሥራዋን የምታውቅ ሰው ናት።

ይህን ስናገር አብዛኛው ሰው «ፓራሜዲክ ይቀጠር» ይለኛል። ከዚያ መጀመር ግን ስህተት ይመስለኛል። በምሠራበት ከተማ ልብ የቆመበትን ሰው ጨምሮ ማንኛውም ጥሪ ዘንድ መጀመሪያ የሚደርሱት በእኔ ደረጃ የሠለጠኑ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ናቸው። የዚህ ደረጃ ሥልጠና ወደ 150 ሰዓት ገደማ ነው። ፓራሜዲኮቹ ከ2,000 ሰዓት በላይ ይሠለጥናሉ፤ በአንድ መኪና ሁለት ሆነው ወደ ከባዱ ጥሪ ብቻ ይላካሉ። የትኛው ጥሪ ከባድ እንደሆነ የሚለየው ስልክ የሚያነሳው ሰው ነው፣ በሚጠይቃቸው ጥያቄዎች። ፓራሜዲኮቹ ጥቂት የሆኑት ለገንዘብ ቁጠባ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ቢሆኑ እያንዳንዳቸው በዓመት የሚያገኙት ከባድ ሕመምተኛ ያንሳል፣ ቱቦ ወደ አየር ቧንቧ የሚያስገባ እጅ ደግሞ ካልሠራ ይዝላል። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1970 ሲጀመር፣ በማግሥቱ ዓመት ተራውን ነዋሪ ደረት እየተጫኑ ልብን ማገዝ ወደ ማስተማር ነበር የተሄደው፤ ፓራሜዲክ እስኪደርስ ሕይወትን የሚያቆይ እጅ ያስፈልግ ስለነበረ።

አክስቴን የረዳቸው መለኪያ፣ ማርና ምን መታየት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ነው። ደም ሥር ውስጥ የገባ መርፌ አልነበረም፤ እኔም የማስገባት ፈቃድ የለኝም።

በአጭር ጊዜ የሠለጠነን ሰው ለማሰማራት ደግሞ አገራችን እንግዳ አይደለችም። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር ሐኪም እስኪበዛ አልተጠበቀም፤ አንድ ዓመት የሠለጠኑ ሁለት ሁለት ሴቶች በየቀበሌው ተመድበው የክትባቱንም የእናቶችንም ጤና ሥራ ተሸከሙ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ እያወጣ በማስተማር የታወቀ ነው። እነዚያ ተማሪዎች ባጃጅ ነጂዎቹን ደም ማቆምና ሰው በጎን ማስተኛት ቢያስተምሩ ምን ያህል ሕይወት እንደሚተርፍ አስቡት። ከጅማ ወደ ሰካ በሚወስደው መንገድ ላይ የተጎዳን ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያነሳው ባጃጅ ነጂ ነው፤ አንገቱን ደግፎ ያነሳው ዘንድ ያሳየው ግን የለም።

ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ ወጣት አገኘሁ። በድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሻንነት ተመርቋል፤ የሚሠራው ግን አልጋ እየገፋ ነው። አምቡላንስ ላይ የሥራ መደብ አላገኘም። ከዚያ በር 30 እርምጃ ርቆ ባዶ ወንበር ያለው መኪና ቆሞ ነበር። በጉዞዬ ሁሉ እንደዚህ ያንገበገበኝ ነገር የለም።

ከአራት ቀን በኋላ ሹፌሩ አክስቴን ሊጠይቅ መጣ። ቡና እስኪፈላ የአክስቴን የልጅ ልጅ ምንጣፍ ላይ አስተኝቼ፣ ራሱን የሳተ ሰው በጎን እንዴት እንደሚተኛ አሳየሁት። መጀመሪያ ልጁን በፍጥነት ገለበጠው፣ ሁለተኛ ጊዜ አንገቱን ማቅናት ረሳ። በሦስተኛው ጉልበቱን አጥፎ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ትንፋሹን ሊሰማ ጆሮውን አስጠጋ። ከዚያም ስልክ የሚያነሳው ሰው መጠየቅ ያለበትን ጥያቄዎች በወረቀት እንድጽፍለት ጠየቀኝ። አምስት ጻፍኩለት።