ቢቢኤም፦ ለጃማ ዋልካ የሚገዛ፣ ለቆቦ የማይገዛ

ሐምሌ ላይ ውሃ የተኛበት ዋልካ (ውሃ የሚይዝ ጥቁር የሸክላ አፈር) ስንዴውን ቢጫ ሲያደርገው ብዙ ሰው "ማዳበሪያ አንሶት ነው" ብሎ ዩሪያ ይጨምርበታል። ስንዴው ግን አያገግምም። ሥሩ አየር አጥቶ ታፍኗል፤ የተጨመረው ናይትሮጅንም ውሃ በጠገበ አፈር ውስጥ ጋዝ ሆኖ ይተናል። ለዚህ ነው በደቡብ ወሎ ጃማ ወረዳ፣ በደጎሎ ዙሪያ ዋልካ ለሚያርስ ሰው፣ ከተጨማሪ ዩሪያ በፊት ቢቢኤም ይግዛ የምንለው።

ቢቢኤም (ብሮድ ቤድ ሜከር) ከፍ ያለ ሰፊ መደብና ውሃ የሚያወጣ ቦይ የሚሠራ የበሬ እርሻ መሣሪያ ነው። የመደቡ ስፋት 80፣ የቦዩ 40 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራው የመጀመሪያው ዓይነት ሁለት ማረሻ የተጣመረበት ስለነበር ከባድ ነው፤ ክረምት ላይ ከስቶ ለወጣ በሬ አይመከርም። የሚሻለው በተለመደው ማረሻ ላይ የሚገጠመው የብረት ክንፍ ነው። ሲገዙ ክንፎቹን መሬት ላይ አስቀምጦ ማስተያየት ያስፈልጋል፦ አንዱ ከሌላው ሰፋ ካለ ማረሻው ወደ ጎን ይጎትታል፣ ቦዩም ይጣመማል። ብየዳው ክንፉ ከእግሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ሙሉ መሆን አለበት፤ ሲሰበር የሚሰበረው እዚያ ነው። መለዋወጫ ብሎንና ዳዶ አብሮ መያዝም አይከፋም።

ከማዳበሪያ ጋር ያለው ጥቅሙ ብዙ ጊዜ አይነገርም። መሬቱ ታርሶ ከለሰለሰ በኋላ የስንዴው ዘርና ኤንፒኤሱ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበት ማዳበሪያ) በሙሉ ማሳው ላይ ይበተናል፤ ከዚያ ቢቢኤሙ ሲያልፍ ቦዩ ላይ የወደቀውን ዘርና ማዳበሪያ ከነአፈሩ ወደ መደቡ ይገፋዋል፣ ከኋላ የሚጎተተው ሰንሰለትም ያለብሰዋል። ኤንፒኤስ ከመቶ 38 እጁ ፎስፌት ነው፤ ፎስፈረስ ደግሞ ከወደቀበት ብዙም አይንቀሳቀስም። ላይ ላዩን ተበትኖ የቀረው ማዳበሪያ ሥር ሳያገኘው ይከርማል፣ ስለዚህ መቀበሩ ራሱ ምርት ነው። በሄክታር 1 ኩንታል ቢባል ለአንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር) 25 ኪሎ፣ ማለትም የ50 ኪሎው ከረጢት ግማሽ ይደርሳል።

በመስመር መዝራት የፈለገ መደቡን አስቀድሞ አውጥቶ በ20 ሳንቲ ሜትር ልዩነት አራት መስመር ያገኛል። ኤንፒኤሱን ከዘሩ አጠገብ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ዩሪያ ግን ዘሩን እንዳይነካ፤ የሚለቀው አሞኒያ ቡቃያውን ይገድለዋል። ዩሪያው ሲሶው በዘር ጊዜ፣ ቀሪው ስንዴው ሲያቆጠቁጥ፣ ከ35 እስከ 40 ቀን ባለው ጊዜ፣ ከአረም በኋላ ይሰጣል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ውሃ ያልተኛበትን ቀን መርጦ መደቡ ላይ ብቻ! ቦይ ውስጥ የገባ ዩሪያ ከጎርፉ ጋር ታች ላለው ጎረቤት የተላከ ስጦታ ነው።

ባቄላም በዚህ መሣሪያ ይጠቀማል፤ ውሃ ሲተኛበት የሚያጠቃው የሥር አበስብስ ይቀንስለታል። ጤፍ ግን ሌላ ነው። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ቢቢኤሙ ካለበሰው አይወጣም፣ መደቡ ከወጣ በኋላ ላዩ ላይ ይዘራል።

ችግሮቹም ቀላል አይደሉም። ዝናቡ ከበረታ በኋላ የወጣ ሰው ጭቃው ክንፉ ላይ እየተለጠፈ መደብ ሳይሆን ጓል ያወጣል፤ ሥራው ሰኔ ውስጥ ወይም ሐምሌ መባቻ ላይ፣ አፈሩ ረጥቦ ሳይጨቀይ ማለቅ አለበት። ቀድሞ መዝራቱ ሰብሉን ከመጨረሻው ድርቅና ከጥቅምት ውርጭ ያድነዋል፤ በአንጻሩ ስናርና ሙጃ አብረው ይበቅላሉ፣ የአረም ጉልበት ይጨምራል። ይህን ሳያሰላ የሚገዛ ይቆጨዋል።

ከሁሉ የሚብሰው መውጫ የሌለው ቦይ ነው። ቦዩ ለስለስ ባለ ተዳፋት ሄዶ ሣር ባለበት ፈሰስ ላይ ካልወደቀ፣ ወይ ውሃው መሃል ላይ ይቆማል፣ ወይ የታችኛውን ማሳ ይሸረሽራል። በቀጥታ ቁልቁል ማውጣትማ ቦረቦር መክፈት ነው። ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ ላይ መደቡን በእጃቸው ሲሠሩ የኖሩት ገበሬዎች ቦዩ ወዴት እንደሚወጣ ሳያዩ አይጀምሩም፤ መሣሪያው ይህን አያውቅም።

ዝናብ በሚያንስበት በሰሜን ወሎ ቆቦ ሜዳ ላይ ማሽላ ለሚዘራ ሰው ይህን ዕቃ አንመክርም። እዚያ ውሃው የሚፈለገው እንዲቆይ እንጂ እንዲወጣ አይደለም። በ75 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ጉብታ አውጥቶ ቦዩን በየተወሰነ ርቀት በአፈር የሚያስር መሣሪያ ይሻላል፤ ማዳበሪያውም ከጉብታው ጎን፣ እርጥበቱ በሚቆይበት በኩል ይቀበራል።