የአናንሲን ዛፍ ለሠሩልን የጅማ አናጢ

ጅማ ውስጥ ለትምህርት ቤት መድረክ እንጨት ማሠራት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ሂርማታ መርካቶ አካባቢ በርጩማ የሚሠሩ አንድ አባት አሉ።

የአምስተኛ ክፍል ልጆቻችን ለወላጆች ቀን ያቀረቡት ሙዚቃዊ ድራማ የጋና ተረት ነው። ሸረሪቱ አናንሲ የዓለምን ጥበብ ሁሉ እንስራ ውስጥ ከትቶ ዛፍ ላይ ሊደብቅ ይነሣል። እንስራውን ሆዱ ላይ ስላሰረው ግን መውጣት ያቅተዋል። ልጁ ንቲኩማ ከታች ሆኖ «አባባ፣ ለምን ጀርባህ ላይ አታስረውም?» ይለዋል፤ አናንሲ በንዴት እንስራውን ሲለቀው ጥበብ ይበተናል። የተረቱ ባለቤት የሆኑት የጋና አካን ሕዝቦች እንዲህ ያለ ተረት ሲነገር መሐል ላይ እየገቡ ስለሚዘፍኑ ለልጆች ይመቻል። እኛም በ«ተረት ተረት»፣ «የላም በረት» ጀመርነው።

ያስቸገረን ዛፉ ነበር። መጀመሪያ ቀብድ የከፈልኩት ባለሙያ አንድ ወር ሙሉ «ነገ» እያለ ካመላለሰኝ በኋላ ያመጣልኝ ቡናማ ቀለም የተቀባ መሰላል ነው!

እኚህ አባት መጥረቢያ ከማንሣታቸው በፊት ልምምዱን ሊያዩ መጡ። የቀረበላቸውን ቡና ሳይነኩ ሁለት ጊዜ አዩና አናንሲን የሚጫወተውን ልጅ ጠርተው እግሩን በስንዝር ለኩ። ለተመልካች በሚታየው ጎን እግር የማይዙ ጉጦች ቀረጹ፤ ከኋላ ደግሞ ሙሉ እግር የሚያሳርፍ መርገጫ አበጁ። ልጁ የሚንሸራተት ይመስላል እንጂ አይወድቅም። የዛፉን መቆሚያ እንደ ጅማ በርጩማ በሦስት እግር፣ ሰፋ አድርገው ሠሩት። የመድረካችን ወለል ጎርባጣ ነው፤ አራት እግር ቢሆን ኖሮ ይወላገድ ነበር። የሸክላውን እንስራ ሲያዩ ደግሞ «ይህ የልጅ እግር ላይ ቢወድቅስ?» ብለው በቅል አስቀየሩን።

ዘፈኑን ለሚቀበሉት ልጆች መቀመጫ ዘጠኝ በርጩማ አዋሱን። በዕለቱ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የክራሩ ድምፅ ጠፋ። ይህን ጊዜ ልጆቹ ተነሥተው በርጩማዎቹን በመዳፋቸው መምታት ጀመሩ፤ ዘፈኑ የተረፈው በዚያ ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ዛፉ ከባድ ነው፣ አራት ሰው ይፈልጋል። ስልክም ቶሎ አያነሡም፤ ሄዶ ማግኘት ይሻላል። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

አባታችን፣ እጅዎ ይባረክ። ስምንቱን በርጩማ መልሰናል፤ ዘጠነኛው ርዕሰ መምህራችን ቢሮ ገብቷል፣ እየተደራደርን ነው።