አንኮበር ወይስ የመንዝ ጓሳ?
ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ቅዳሜና እሁድን በደጋ ማሳለፍ ለሚሻ ሰው ሁለቱም መልካም ናቸው። አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚርቅ፣ የምኒልክን ቤተ መንግሥት ስፍራና ወደ አፋር ቆላ የሚወርደውን ገደል ተመልክቶ፣ የቢራ ፋብሪካዎች መገኛ ወደሆነችው ከተማ ለማታ ጥብስና ድራፍት መመለስ ይቻላል።

እኔ ግን ጓሳን አስበልጣለሁ። ከ3,200 ሜትር በላይ በተዘረጋው የጓሳ ሣር መካከል ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ይኖራሉ፤ የመንዝ ሰዎችም ሣሩ የሚታጨድበትንና የሚከለከልበትን ጊዜ ቄሮ ይባል በነበረው ባህላዊ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት እየወሰኑ ለዘመናት ጠብቀውታል፤ ይህም ከመልክዓ ምድሩ ባልተናነሰ ሊከበር የሚገባው ነው። ሌሊቱ እጅግ ስለሚቀዘቅዝ ወፍራም ልብስና በቂ ስንቅ ያስፈልጋል። አንድ ቀን ብቻ ላለው አንኮበር ይሻለዋል።