ሹተር የሌለው ሌንስ ይዞ ድሬና ሐረር ለሚሄድ፦ የማመሰግናቸውና የማልመክራቸው

ከስዊድን ድሬዳዋ የገባሁት ዘመድ ለመጠየቅ ቢሆንም፣ በጎን አንድ ለየት ያለ ጉዳይ ነበረኝ። አጎቴ ፎቶ ቤት ነበረው። ቤቱ ተዘግቶ ትልቁ የእንጨት ካሜራ የት እንደገባ ባይታወቅም፣ ሌንሱን አክስቴ በፎጣ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣው ኖራለች። ካርል ዛይስ ዬና፣ ቴሳር፣ 21 ሴንቲ ሜትር፣ ክፍተቱ 4.5። እኔ ደግሞ 4 በ5 ኢንች የሚያነሳ ታጣፊ ካሜራ አለኝ። ሁለቱን ለማገናኘት የተጠቀምኩባቸውን ባለሙያዎችና ቤቶች ነው እዚህ የምገመግመው። ስለ ጅብ ትርኢትና ስለ ሆቴል ቁርስ የጻፈ ሞልቷል።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ ባሬል ሌንስ የሚባለው ብርጭቆውና ዲያፍራሙ (የብርሃን ቀዳዳውን የሚያሰፋውና የሚያጠበው) በናስ ቱቦ ውስጥ ብቻ የተቀመጠ፣ ሹተር፣ ማለትም ብርሃኑን ለተወሰነ ጊዜ ከፍቶ የሚዘጋው ክፍል፣ የሌለው የድሮ ሌንስ ነው። ካሜራ ላይ የሚታሰረው ሌንሱ እንደ ቡሎን ተሽከርክሮ በሚገባበት፣ ፍላንጅ በሚባል ባለጥርስ ቀለበት ሲሆን፣ የእኔ ፍላንጅ ከካሜራው ጋር አብሮ ጠፍቷል። እነዚህ ጥርሶች ከፋብሪካ ፋብሪካ፣ አንዳንዴም ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያዩ ሱቅ ገብቶ አንድ አምጣልኝ አይባልም፤ ማስቀረጽ ነው። ስቶክሆልም ውስጥ ለአንዲት ቀለበት ቶርኖ የሚያስነሳልኝ ሰው ስፈልግ የሰማሁትን ዋጋ ባልናገረው ይሻላል።

ድሬ ላይ የሄድኩት መጋላ በኩል፣ ከደቻቱ ብዙም የማይርቅ ትንሽ ቶርኖ ቤት ነው። ባለቤቱ ሙያውን በምድር ባቡር ወርክሾፕ የተማሩ አዛውንት ናቸው። ድሬ የባቡር ልጅ አይደለች? ሐዲዱ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ፓውል ሩዶልፍ ቴሳርን ለዛይስ የነደፈውም በዚያው ዓመት ነውና ከተማዋና ሌንሱ እኩያ ናቸው። ይህን ስነግራቸው ብዙም አልገረማቸውም። ከስዊድን በጥንቃቄ ሥዬ ያመጣሁትን ንድፍ ስዘረጋ ግን ሳቁ።

«ወረቀቱን እዛው ያዘው አቦ፤ ዕቃውን አምጣው።»

ሌንሱን ሲቀበሉኝ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር አመኔታዬን ወሰደው፦ የፊቱንም የኋላውንም ብርጭቆ በፌስታል ሸፍነው በላስቲክ አሰሩት። የናስ ፍንጣሪ ብርጭቆ ላይ ካረፈ ሌንሱ አበቃለት። ከዚያ በካሊፐር ስፋቱን ለኩ፤ 62 ሚሊ ሜትር ገደማ። ለጥርሱ መለኪያ አላወጡም። አንድ ወረቀት በከሰል አጥቁረው ጥርሱ ላይ ጫን አድርገው አሽከረከሩትና የታተመውን መስመር በመነጽራቸው ሥር ቆጠሩ። በ6 ሚሊ ሜትር ውስጥ 8 መስመር፣ ማለትም ከጥርስ እስከ ጥርስ 0.75። «ይሄ ማሽን ላይ አለ» ብለው ጊሩን ቀየሩ።

ለቀለበቱ አልሙኒየም ይበቃል ብዬ ነበር፤ እሳቸው አልተስማሙም። እንዲህ ያለ ቀጭን ጥርስ በአልሙኒየም ሲወጣ ቶሎ ይነካከሳል፤ አንዴ ከተጣበቀ ደግሞ ሌንሱን ይዞ ይቀራል። ከአሮጌ የውሃ ፓምፕ የተረፈ የናስ ቡሽ (ወፍራም ቀለበት) ከጥግ አንስተው ቻኩ ላይ፣ ማለትም የቶርኖው መያዣ ላይ፣ አሰሩት። በየዙሩ የፀጉር ያህል እየላጩ፣ ማሽኑን እያቆሙ፣ ሌንሱን በእጅ እየሞከሩ ሄዱ። አገር ቤትም ሆነ ውጭ እንዲህ ያለ ሥራ የምታሠሩ ሁሉ ይህቺን ያዙልኝ፦ ሌንሱ ሳይገባ ቀለበቱ ከቻኩ መውረድ የለበትም። አንዴ ከወረደ በኋላ መልሶ በዚያው መሐል ማሰር አይቻልም፤ ጥርሱም ካለፈበት ቦታ ይስታል። መጨረሻ ላይ ሌንሱ በሁለት ጣት እየተሽከረከረ ገብቶ ቁጭ አለ፤ አይወዘወዝም፣ አይጠብቅም። 1,500 ብር ከፈልኩ። ንግግሬ ከውጭ መምጣቴን ቢያሳብቅም፣ ከእኔ በፊት የመኪና ዕቃ ሲያስቀርጽ የነበረው ሰው የከፈለው ከዚህ ይበልጣል።

ቀጥሎ ሌንስ ቦርዱ፣ ማለትም ቀለበቱ ተገጥሞበት ካሜራው ፊት ላይ የሚገባው ሳንቃ። ከዚራ ያለ አንድ አናጢ በባለ 4 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ሠራልኝ። የእኔ ካሜራ ቦርድ 96 በ99 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሰውዬው ተሳስተህ ነው ብሎ እኩል ሊቆርጠው ሲል ደረስኩበት። ከዚያ ወዲያ ንጹሕ ሥራ ነው። ጀርባውን በትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ ቀለም ቀባው፤ ሐሳቡ የእሱ ነው። ያ ቀለም ስለማያብረቀርቅ ለካሜራ ውስጥ ይሆናል። ጨለማ ክፍል ውስጥ የስልክ መብራት ከኋላ አብርቼ ዙሪያውን ሳየው የሾለከ ብርሃን አላገኘሁም።

አሁን የማልመክረው። ሌንሱ ውስጥ ቀጭን ጭጋግ ስላለ አንድ ፎቶ ቤት አሳየሁ፤ ስሙን አልጠራም። ልጁ ዓይኑን ሳያሽ «እንፈታዋለን» ብሎ በአንድ እጁ ካቻቢቴ፣ በሌላው የቤንዚን ጠርሙስ ይዞ መጣ። ቴሳር አራት ብርጭቆ ነው፤ የኋለኞቹ ሁለቱ በባልሳም ሙጫ የተጣበቁ ናቸው። ቤንዚን ሙጫው ጠርዝ ውስጥ ከገባ ሌንሱን መቅበር ነው። አመስግኜ ወጣሁ። «የምርመራ» የሚል ሒሳብ ግን አስከፈሉኝ። ትንሽ ጭጋግ ንፅፅሩን ያለዝበዋል እንጂ ፎቶ አይከለክልም፤ እስክትመለሱ ተውት።

ስለ ሹተር ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። በአየር የሚሠራው የፓካርድ ሹተር ሁነኛ መፍትሔ ነው፤ እኔ ግን አልያዝኩም። ፊልምም አላመጣሁም፤ በፊልም ፋንታ የፎቶ ማተሚያ ወረቀት ካሜራው ውስጥ አስገባለሁ፤ ኔጋቲቩ እሱ ነው። ፍጥነቱ፣ ማለትም ብርሃን የመቀበል አቅሙ፣ 6 ኤ.ኤስ.ኤ. ገደማ ነው። በዚህ ላይ ለኤርፖርት ኤክስሬይ እንደ ፈጣን ፊልም አይሳሳም። የሐረር ግንብ ጥላ ውስጥ ዲያፍራሙን 32 ላይ ካደረጉት (ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) 5 ሰከንድ ያህል ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ ሹተሩ የሌንስ ክዳን ነው። ክዳኑን ያገኘሁት ታይዋን ገበያ አጠገብ ካለ የቧንቧ ዕቃ መደብር ነው፦ የፕላስቲክ ቱቦ መድፈኛ፣ ውስጡን በጥቁር ከፈይ ለበጥኩት። ፀሐይ ላይ ግን አይሞከርም፤ እዚያ በ32 ከአንድ ሰከንድ በታች ስለሚሆን እጅ አይደርስበትም።

ማጠቡንም ማንሳቱንም ለሐረር ያቆየሁት በሙቀቱ ምክንያት ነው። የማጠቢያው መድኃኒት 20 ዲግሪ አካባቢ ይወዳል። ድሬ 1,200 ሜትር ላይ ናት፤ ቧንቧዋ የሚያወርደው ለሻይ የቀረበ ውሃ ነው። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ላይ ስላለች ትበርዳለች። በሚኒባስ ደንገጎን ወጥቶ መድረስ ቀላል ነው፤ ረዳቱ የካሜራውን ሻንጣ ጣሪያ ላይ ካልጫንኩ ብሎ ሲሟገት ለሻንጣው የአንድ ሰው ሒሳብ ከፍዬ ጎኔ አስቀመጥኩት።

መኪና ግርግር ላይ ያለ ልብስ ሰፊ ጥቁሩን ጨርቅ እዚያው ቆሜ ሰፋልኝ። ካሜራው ጀርባ ባለው ደብዛዛ ብርጭቆ ላይ ተገልብጦ የሚታየውን ምስል ለማየት ራስ የሚሸፈንበት ነው። ውስጡ ጥቁር፣ ፀሐይ እንዳይጋግር ውጭው ነጭ። ነፋስ እንዳያነሳው ብሎ ሳልነግረው በአራቱም ጥግ ጠጠር ከተተበት። ከሁሉም አገልግሎት ፈጣኑ ይኸው ነው።

ያረፍኩት ጁገል ውስጥ በአንድ የአደሬ ቤት ነው። ባለቤቷን እናት እወዳቸዋለሁ፤ ማስታወቂያው ላይ «ውሃ 24 ሰዓት» ያለው ግን ውሸት ነው፤ ውሃው የሚመጣው በጀሪካን ነው። ለእንግዳ ይቻላል፤ ፎቶ ለሚያጥብ ግን ከባድ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1883 ከዚሁ ከሐረር ለቤተሰቡ ፎቶውን ሲልክ፣ ምስሉ የነጣው ባጠብኩበት መጥፎ ውሃ ነው ብሎ አመካኝቷል። በስሙ የሚጠራውን ሙዚየም ስታዩ ይቺን አስታውሱ፤ መድኃኒቱንም በታሸገ ውሃ በጥብጡ። ለማጥቢያ የሰጡኝ ከትልቁ ክፍል ጎን ያለችውን ጠባብ ኪርታት ነው። በሯን በብርድ ልብስ ጋርጄ ቀይ አምፑል ሰቀልኩ። አምፑሉን ስትገዙ ቀለሙን አትመኑ፤ ቁራጭ የፎቶ ወረቀት ላይ ሳንቲም አስቀምጣችሁ ከሥሩ 5 ደቂቃ አቆዩትና እጠቡት። የሳንቲሙ ክብ ከታየ አምፑሉ አይሆንም። የመጀመሪያው አልሆነኝም፤ ባለሱቁ ያለ ጭቅጭቅ ቀየረልኝ።

አስጎብኚዬ በዋጋ ተስማምተን ከጀመርን በኋላ አንዲት ሳንቲም አልጨመረብኝም፤ ሰው ሳያስፈቅድም አላሳነሳኝም። ያረፍኩበት ቤት እናት ቀይ ቀሚሳቸውን ለብሰው ተቀመጡልኝ። ፊታቸውና የቀሚሳቸው አንገት ብቻ እንዲሞላ ስቀርብ ቤሎው (የካሜራው ታጣፊ መሐል) ከ21 ወደ 28 ሴንቲ ሜትር ተሳበ። ሌንሱ ሲርቅ ብርሃኑ ስለሚሳሳ ጊዜው ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ 16 ላይ ከፍቼ ሁለት ሰከንድ ተኩል ቆጠርኩ። ወረቀቱ ቀይ ቀለም አያይም። ኔጋቲቩ ታጥቦ ወደ ፎቶ ሲገለበጥ ቀሚሱ ጥቁር ሆኗል።

«ልጄ፣ ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ ያስቀመጥከኝ?» አሉኝ። ጥልፉ ግን ክር በክር ይቆጠራል።

ስመለስ ድሬ ኤርፖርት ላይ ሌንሱ በእጅ ሻንጣ አለፈ፤ ፈታሿ በብርጭቆው ካሳየኋት በኋላ ሌላ ጥያቄ አላነሳችም። ቶርኖ ቤቱ የጥርሱን ልክ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጽፎታልና ፍላንጅ የጠፋበት ሰው ድሬ ካለው ጎራ ይበል። ሌንሱን ግን ራሱን ይውሰድ፤ ሌላ ሰው ያለው ቴሳር የግድ የእኔን ጥርስ አይኖረውም፤ እሳቸውም ቢሆን ሳይሞክሩ ከቻክ አያወርዱም።