ባናውን ከወለል አንሡት፦ የደብረ ብርሃን የታኅሣሥ የሥዕልና የእጅ ሥራ ገበያ

ደብረ ብርሃን ላይ ውርጩ በሚጸናበት በታኅሣሥ፣ ገና ሲቃረብ፣ የአካባቢው ሠዓሊዎች፣ ሸማኔዎች፣ መሶብ ሰፊዎችና ሸክላ ሠሪዎች አንድ ድንኳን ሥር ሥራቸውን ያሳያሉ፣ ይሸጣሉም። የከተማው ነዋሪ ተባብሮ የሚያዘጋጀው ነው፤ ግማሹ ዐውደ ርእይ፣ ግማሹ ገበያ። ሥዕሎቹ ዙሪያውን ተሰቅለዋል። ከመንዝ የመጣው ባና፣ ከበግ ጠጉር የሚሸመነው ብርድ ልብስ፣ ግን ከምንጣፉ ጋር ታጥፎ ወለል ላይ ተቆልሏል። የገበያው ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ነው፤ ከዚያ ድንኳን ውስጥ በልፋትም በመልክም ከፍ ያለው ሥራ ያ የተቆለለው ነውና።

ስለዚህ ከባናው ይጀምሩ። ተዘርግቶ ካላዩት አይግዙ። የሸማኔው ዕቃ ጠባብ ስለሆነ ባና የሚወጣው በቁራጭ ነው፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ቁራጭ ጎን ለጎን ይሰፋል። መጋጠሚያውን ይመልከቱ። የአንዱ ቁራጭ መስመር ከሌላው መስመር ጋር ልክ ከገጠመ ሸማኔው ማጉን እየለካ ሠርቷል ማለት ነው፤ አንድ ጣት ያህል ከተዛነፈ ችኮላ ነበረበት። ቀጥሎ ሁለት ሆናችሁ ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ ወደ ብርሃን አንሡት። ብርሃኑን በእኩል ቢያሳልፍ ጥሩ ነው። አንድ ቦታ ጭልጭል ካለ ግን እዚያ ላይ ክሩ ሲፈተል ቀጥኗል፣ ቀድሞ የሚበሳውም እሱ ነው።

ንጹሕ ጠጉር መሆኑን ለማወቅ ሻጩን አስፈቅደው ከጫፉ አንዲት ክር ይንቀሉና በክብሪት ያቃጥሏት። የበግ ጠጉር ሲነድ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱ ሲርቅ ይጠፋል፣ የሚተወው አመድም በጣት ሲታሽ ይደቃል። ሰው ሠራሽ ክር ይቀልጣል፤ ሲበርድ እንደ ዶቃ ጠንክሮ ይቀራል። ሙከራው ለድሩም ለማጉም ለየብቻ ነው፤ ማጉ ጠጉር፣ ድሩ ሰው ሠራሽ የሆነ ሥራ አለና። እንዲህ ያለው ባና ይበረታል እንጂ አይናቅም፤ ነውሩ ሻጩ ሳይናገር ሲቀር ነው።

የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ ነው፤ ለስላሳውና ጠንካራው ተቀላቅሎ ስለሚበቅል ገላ ላይ ሲያርፍ ይኮሰኩሳል። ከሥሩ አንሶላ ወይም ጋቢ ይደረብበታል። ቀለም ያልነካው ጥቁር፣ ነጭና ቡናማ ሲታጠብ አይለቅም። በቀለም የተነከረውን ግን እርጥብ ነጭ ጨርቅ ያሹበት፤ ጨርቁ ቀለም ከያዘ እጥበትም ላይ ይለቃል። የበግ ሽታ ያለው ከጠጉሩ ቅባት ነው፤ ጥላ ላይ ሲናፈስ ይቀንሳል። ሙቅ ውኃ አያስነኩት። የጠጉር ቅርፊት ሙቀትና እሽታ ሲያገኝ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ከተያያዘ በኋላም አይላቀቅም፤ ባናውም ተኮማትሮ ይቀራል። ሲያስቀምጡትም ንጹሕና ደረቅ ይሁን። ብል የሚወደው ላብና ምግብ የነካውን ጠጉር ነው።

ከባናው አጠገብ ከጓሳ ሳር የተሠራ ገመድና ገሳ፣ ዝናብ የሚከላከል የሳር ካባ፣ አለ። ጓሳ የመንዝ ሕዝብ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የጋራ መሬት መጠበቂያ ሥርዓት እየከለለ፣ ለተወሰኑ ዓመታት ዘግቶ በጊዜው እየከፈተ ያጨደው ሳር ነው። ገሳ ሲገዙ የአንገቱን እስር ሳብ ያድርጉት፤ ከዚያ ከላላ ዝናብ ወደ ትከሻ ይገባል። ሻጮቹ ይህን ታሪክ አንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ቢለጥፉት ኖሮ አላፊው ሁሉ ቆም ባለ ነበር።

ስፌቱ ጋ ብዙ ጥሩ እጅ አለ። መሶብ ሲመርጡ ክዳኑን በአራት አቅጣጫ እያዞሩ ይክደኑት፤ በአንዱ ገጥሞ በሌላው የሚነሣ ከሆነ አፉ ክብ አይደለም። ጥፍርዎን በዙሩና በዙሩ መካከል ያስገቡ። ከገባ ስፌቱ ላልቷል፣ የእንጀራ ፍርፋሪም እዚያ እየገባ ይሻግታል። አለላውንም፣ በቀለም የተነከረውን የስፌት ሳር፣ እንደ ባናው በእርጥብ ጨርቅ ይሞክሩት፣ የትኩስ እንጀራ እንፋሎት የሚለቅ ቀለምን ወደ እንጀራው ያወርዳልና። ዋጋ ሲከራከሩ ስንት ቀን እንደፈጀ ይጠይቁ፤ ሰፊዋ በቀን የምታገኘው ሲሰላ አብዛኛው መሶብ ርካሽ ነው።

ሸክላው ጋ ሥራው አጭር ነው። በጣት አንጓ ይምቱት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደኅና ነው፣ ከደነቆረ ተሰንጥቋል። ምጣዱ ቤት ገብቶ በጎመንዘር ሳይሟሽ እንጀራ አይነሣበትም፤ ገለባም ይዘው ይሂዱ፣ ድንኳኑ ውስጥ መጠቅለያ የለም።

ወደ ሥዕሉ ስንመጣ፣ አንኮበር በ1925 ዓ.ም. አፈወርቅ ተክሌ የተወለዱባት ናት፤ ለዚህ አገር ሠዓሊ ብርቅ አይደለም። የወጣቶቹ ምርጥ ሥራ የአገሩን መልክ የያዘው ነው፦ የጭላዳ መንጋ ገደል አፋፍ ላይ፣ በውርጭ የነጣ የገብስ ማሳ። ከስልክ ፎቶ የተገለበጠው የሰው ፊት ግን ደካማ ነው፤ ጥላው ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም።

ሥዕሎቹን የጎዳቸው ድንኳኑ ነው። ጣሪያው ሰማያዊ ላስቲክ ስለሆነ የሚገባው ብርሃን ሰማያዊ ነው፤ ቢጫው አረንጓዴ ይመስላል፣ ቀዩ ይጠቁራል። የወደዱትን ሥዕል አስወጥተው ደጅ ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ። አዘጋጆቹ ጣሪያውን በነጭ ሸራ ቢቀይሩት ሠዓሊው የቀላቀለው ቀለም በራሱ መልክ ይታያል።

ብርዱም የራሱ ጣጣ አለው። በውኃ የሚቀጥነው አክሪሊክ ቀለም በደንብ ተያይዞ የሚደርቀው ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ነው፤ ደብረ ብርሃን በታኅሣሥ ጠዋት ጠዋት ከ5 በታች ትወርዳለች። በቀዝቃዛ ክፍል የተሳለ ሥራ ላዩ ዱቄት ዱቄት ይላል፤ ከጥጉ በደረቅ ነጭ ጨርቅ ቀስ ብለው ቢያብሱት ይታወቃል። የደረቀ አክሪሊክም በብርድ ጠንክሮ ተሰባሪ ይሆናል። ሥዕሉን መጠቅለል ካለብዎ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ፣ ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ፣ ውፍረቱ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር በሆነ ቱቦ ላይ ይጠቅልሉት። ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ቀለሙ ይጨማደዳል፣ ይሰነጠቃል። የዘይት ቀለም ከሆነ መቼ እንዳለቀ ይጠይቁ፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ ለወራት እርጥብ ሊሆን ይችላል።

የሥዕሉን ጀርባ ማየትም አይርሱ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ፍሬም ሆኖ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ሸራውንም አብሮ ያጣምመዋል። ጠፍጣፋ ወለል ላይ ሲያስቀምጡት አራቱም ጥግ መንካት አለበት። ብራና ላይ የተሳለውን ደግሞ መስታወት እንዲነካው አያድርጉ፤ ብራና እርጥበት ሲያገኝ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ መስታወቱ ላይ የተጣበቀ ቀለምም ተልጦ ይቀራል።

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት አይድረሱ፤ ቀድመው ቢደርሱም የሻጩ እጅ በብርድ ደንዝዞ ዕቃው አልተዘረጋም። ብርሃኑ ሳይጠወልግ እስከ 9 ሰዓት ይግዙ። ቴሌብር ይሠራል፣ መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ጥሬ ገንዘብ ያድናል፤ ዝርዝር ብር ይያዙ።

ባናውን ገዝተው ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉት ካሰቡ ምስማርና መቆንጠጫ ይተዉት፤ ክብደቱ ሁሉ ሁለት ሦስት ነጥብ ላይ ወድቆ ድሩን ይበጥሳል። በላይኛው ጫፍ ከጀርባ በኩል ከዳር እስከ ዳር 8 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው አቡጀዲ ላይና ታች ጠርዙን በመርፌ ይስፉ፣ በአቡጀዲው ውስጥ የተላገ ደረቅ የጥድ ዘንግ ያሳልፉ፣ ዘንጉን በሁለቱ ጫፍ ይስቀሉት። አዘጋጆቹም ለሚመጣው ዓመት የሚያስፈልጋቸው ይኸው ነው፦ ጥቂት ዘንግ፣ ጥቂት አቡጀዲ፣ ከሥዕሎቹም መካከል ባዶ ቦታ።