ክረምቱን ከሞተሬ ኋላ ያሳለፈው ተሳቢ

ጅማ ውስጥ ባጃጅም ጋሪም ሞልቷል። ሞተር ላይ ተሳቢ አስሮ የሚሄድ ግን ብዙ አይታይም። እኔ የሱቅ ዕቃ ከጅማው መርካቶ ዳገት ላይ ወዳለው ጅሬን በ150 ሲሲ ሞተሬ ስለማመላልስ፣ ብየዳ ቤት ባለሁለት ጎማ ተሳቢ አሠራሁ። ክረምቱን ሙሉ ሠርቼበታለሁ። ወድጄዋለሁ፤ ለሁሉም ሰው ግን አልመክርም። ብዙ የሞተር አምራቾች ራሳቸው በመመሪያቸው ተሳቢ አትጎትቱ ይላሉ።

ዋናው ነገር መጋጠሚያው ነው። ሞተር ኩርባ ላይ ይጋደማል፤ ባለሁለት ጎማ ተሳቢ ግን አይጋደምም። ስለዚህ መጋጠሚያው ወደ ጎንና ወደ ላይ ወደ ታች መታጠፉ ብቻ አይበቃም፤ በራሱ ዙሪያም መሽከርከር አለበት። አለበለዚያ ተሳቢው ሞተሩ እንዳይጋደም ይይዘዋል፣ ወይም የራሱ አንድ ጎማ ከመሬት ይነሳል። በያጁ አንድ ቡሎን አስሮ «ይሄ ይበቃል ጋሼ» ብሎኝ ነበር። አልተስማማሁም። የሚዞር መጋጠሚያ፣ ያውም ከፖርቶመጋላው ሳይሆን ከሞተሩ ሻንሲ ጋር ዝቅ ብሎ እንዲታሰር አደረግኩ። ከጎኑ መጠባበቂያ ሰንሰለት አለ።

ቀጥሎ አጫጫን። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት አንድ አሥረኛው ገደማ መጋጠሚያው ላይ ማረፍ አለበት፤ 80 ኪሎ ከሆነ 8 ኪሎ ያህል። ከባዱ ዕቃ ከታች፣ ከአክስሉ ትንሽ ወደ ፊት ይቀመጣል። ወደ ኋላ ከበዛ ተሳቢው መወዛወዝ ይጀምራል። ወደ ፊት ከበዛ ደግሞ የሞተሩ የፊት ጎማ ይቀልላል፣ መሪው አይታዘዝም። ከተወዛወዘ ፍሬን ከመያዝ ጋዙን ቀስ ብሎ መልቀቅ ይሻላል። ግማሽ ውሃ ያለው ጀሪካን አልጭንም፤ ውሃው ሲላጋ ሚዛኑን ያበላሻል።

ተሳቢው የራሱ ፍሬን የለውም። ከጅሬን ስወርድ ከኋላ ይገፋኛል። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ እቀንሳለሁ፣ ከፊቴ ካለው መኪና ሰፊ ርቀት እተዋለሁ። ኩርባ ውስጥ ገብቶ ፍሬን መያዝማ አይታሰብም። ሌላው ጣጣ ጉድጓድ ነው። ሞተሩ አልፎት የሄደው ጉድጓድ ውስጥ የተሳቢው ጎማ ይገባል። አሁን መንገዱን የማየው ለሦስት መስመር ነው።

ከክረምቱ በኋላ ምን አለቀ? የተሳቢው ጎማ ኩሽኔታ። ጭቃ ገብቶበት መጮህ ጀመረ፤ ቀይሬ ግራሶ በደንብ አስሞላሁ። የሞተሩ የኋላ ጎማና ፍሪሲዮንም ከድሮው ቶሎ ይበላሉ፣ ቤንዚኑም ጨምሯል። ላሜራው ግን ንቅንቅ አላለም።

ተሳቢው የሞተሩን የኋላ መብራት ስለሚጋርድ የራሱ ስቶፕና ፍሬቻ ገብቶለታል። ይሄ የግድ ነው፣ በተለይ ጉም ባለበት ጠዋት። የሰፈር ልጆች ጫነን ይሉኛል፤ ሰው አይጫንበትም፣ አለቀ። የቀረኝ ጎማውን በትልቅ መቀየር ነው፤ ትንሹ ጭቃ ላይ ይሰምጣል።