ኮንዊ ከሄዳችሁ መስሉን ብሉ፣ ቡናውን ተዉት

ሰሜን ዌልስ፣ ኮንዊ የሚሄድ ሰው የሚሄደው ለግንቡ ነው። እኔ ግን ለመስሉ ብቻ ብዬ እንደገና እሄዳለሁ። የበላንባት ምግብ ቤት ወደቡ ዳር፣ ጀልባዎቹ ከሚታሰሩበት ፊት ለፊት ናት። ጠባብ ስለሆነች ቅዳሜ ቀድሞ ሳያስይዙ መግባት ዘበት ነው።

መስል በጥቁር ቅርፊት ውስጥ የሚኖር የባሕር እንስሳ ነው። የኮንዊ ወንዝ ባሕሩን ከሚቀላቀልበት አፍ ላይ ትንንሽ ጀልባ የያዙ ሰዎች እጀታው በጣም ረጅም በሆነ መቧጠጫ ከሥሩ እየፋቁ ያወጡታል፤ ዛሬም በእጅ ነው። ገበታ ላይ ከነድስቱ ይቀርባል። ክዳኑ ሲነሳ የነጭ ሽንኩርትና የባሕር ሽታ ፊት ላይ ቦግ ይላል። ሥጋው ወፈር ያለ፣ ብርቱካናማ፣ አሸዋ የሚባል ነገር የሌለበት። አስተናጋጇ እንዳሳየችን ሹካውን ትተን፣ ባዶውን ቅርፊት እንደ ወረንጦ ይዘን የሌላውን ሥጋ እየነቀልን በላን። መረቁን በዳቦ እያጠቀስን ጨረስነው። ለተጨማሪው ዳቦ ማስከፈላቸው ግን አልተዋጠልኝም።

ወቅቱ ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ነው። በሐምሌ ከቀረበላችሁ ከየት እንደመጣ ጠይቁ።

እንደ እህቴ በሃይማኖት ምክንያት መስልን የመሰለ የባሕር እንስሳ የማትነኩ፣ ሃዶክ የሚባል ዓሣ አለላችሁ። የተጠበሰበት የሊጥ ልባስ ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ አልደረቀም። ቺፕሱ ግን ለብ ብሎ ነው የመጣው። የተፈጨው አተርማ ቅመም በአጠገቡ ያለፈ አይመስልም፤ ደግነቱ እሷ ያለ ሚጥሚጣ ከቤት አትወጣም።

ለጣፋጭ ባራ ብሪዝ እዘዙ፦ ሻይ የጠጣ ዘቢብ ያለበት ዳቦ፣ በስሱ ተቆርጦ ቅቤ የተቀባ። ከሻይ ጋር ብሉት። ቡናው ያረረና የቀጠነ ነው፣ ቡና አፍልቶ ላደገ ሰው አይመከርም።

ከምሳ በፊት የከተማውን ቅጥር ዙሩ፤ ጠግቦ ያንን ደረጃ መውጣት አይቻልም። ዌልስን የወረረው የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ ከ1283 እስከ 1287 እ.ኤ.አ. ከግንቡ ጋር ያሠራው ነው፤ 1.3 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 21 ማማዎች አሉት። ላዩ ላይ መሄድ በነፃ ነው፣ መስሉ የሚወጣበት ውኃም ከዚያ ወለል ብሎ ይታያል።

ለሁለት ሰው ሃምሳ ፓውንድ አካባቢ ያዙ። የተረፈ ቺፕስ ይዛችሁ ወደ ወደቡ አትውጡ፤ የባሕር ወፎቹ ከእጅ ይነጥቃሉ።